ጣሳዋ የደረቀች ለት

መጸየፍ የሚገባንን ትተን የማይገባንን የምንጸየፍ ብዙ ነን። ምራቅ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ሐሜት ሲቀርብለት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ምራቅ አለ፣ ለሃጭ አለ፣ በአፍንጫ የወጣ ውኃም አለ፤ ሆዱ ቶሎ የሚገላበጥበት አንባቢ ካለ ከአሁኑ ይወቀው። ነገር ግን ከሁሉም የከፋው ቆሻሻ ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

አንዲት ትንሽ ኬክ ቤት ነበረች። ከፊት የመስታወት መደርደሪያ፣ ከኋላ ጓዳ፣ በመካከሉ መጋረጃ። ባልየው ከመጋረጃው ወዲያ ኬክ ይሠራል፤ ሚስትየው ከመጋረጃው ወዲህ ትሸጣለች። ሊጥ የሚያቦኩላቸውና ምድጃ የሚጠብቁላቸው አንድ ሽማግሌ ጋጋሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት ፊት ስለቆሙ ሰው ሁሉ «አባ ምድጃ» ይላቸዋል።

ባልየውን ስኳር በሽታ የያዘው ገና በጎረምሳነቱ ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ጣቱን እየወጋ ደሙን ይለካል። የስኳር በሽተኛ ኬክ ሠሪ መሆኑን የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱም አብሮ እየሳቀ፣ «ከእኔ የበለጠ የሚታመን ኬክ ሠሪ ከየት ታመጣላችሁ? ሌላው ግማሹን እየላሰ ነው የሚሸጥላችሁ» ይላል።

ይሁን እንጂ ክሬም ሳይቀመስ አይወጣም። ስለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። በማንኪያ ጫፍ ጨለፍ አድርጎ ምላሱ ላይ ያኖራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያጣጥማል፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የምትቀመጠውን የዱቄት ወተት ጣሳ ያነሣና «እንትፍ!» ይላል። በውኃ ይጉመጠመጥና ደግሞ «እንትፍ!» አንዲት ጠብታ ወደ ሆዱ አትወርድም። በዚህ የተነሣ የሠፈሩ ሰው «ጋሽ እንትፍ» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም ስሙን ወዶት ኖረ።

ያቺን ጣሳ ማታ ማታ የምታጥበው ሚስቱ ነበረች። አዲስ ሙሽራ ሳለች ክዳኗን ከፍታ ወደ ውስጥ ስታይ፣ ክሬሙና ምራቁ ተቀላቅሎ፣ ረግቶና አረፋ ሠርቶ ጠበቃት። ሽቅብ ሽቅብ ሲላት አፏን በቀሚሷ ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች። እየዋለ ሲያድር ግን ነገሩ ገባት። እዚያ ውስጥ ያለው ባሏ ያልዋጠው ነው። ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ምላሱ ላይ እያኖረ፣ ከእሷ ጋር ዕድሜ ለመቁጠር ሲል የሚተፋው ነው። ከዚያ ወዲያ ጣሳዋን ስታጥብ አልተጸየፈችም። «የሌላዋ ባል በሚያመጣው ያኮራል፤ የእኔው በሚተፋው» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሲኖሩ፣ አንድ ማታ ጣሳዋ ደርቃ ተገኘች።

ሚስትየው ክዳኗን ከፈተች፤ ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ አየቻት። ታጥባ እንዳደረች ናት። ባሏ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለሠርግ ኬክ ክሬም ሲመታ ነው የዋለው።

«ዛሬ ክሬሙን አልቀመስከውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«ተቀምሷል» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

በማግስቱም ጣሳዋ ደረቅ ነበረች። በሳልስቱም። ሚስትየው ግን ደግማ አልጠየቀችም። የማይጠይቅ ሰው መልሱን ከራሱ ጓዳ ያመጣል። ያልተተፋ ነገር ወዴት ይሄዳል? ወደ ሆድ ነዋ! አለች በልቧ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እሷ ግን ወሬውን ከማንም ሳትሰማ ራሷ ወልዳ፣ ራሷ አሳደገችው።

ከዚያ በኋላ ያየችው ነገር ሁሉ ለጥርጣሬዋ ምስክር ሆነ። ባሏ ከሳ፤ ስኳሩ ነው። ክሬም የሚጨምቅበትን ከረጢት ሲይዝ እጁ ይዝላል፤ ስኳሩ ነው። በኬክ ላይ ስም ሲጽፍ ድሮ ፊደሉ እንደ ጥልፍ ይወርድ ነበር፤ አሁን የአንዲትን ሙሽራ ስም አጣምሞ፣ መጨረሻዋን ፊደል ጠፍጥፎ ሲያወጣው ሙሽራዋ አለቀሰች። እሱም ስኳሩ ነው። ሲናገር ቃሉ ይጎተታል፤ አንዱ ደንበኛ ለሌላው «ጋሽ እንትፍ መጠጥ ጀመረ መሰለኝ» ሲል በመጋረጃው በኩል ሰማች፤ በእፍረት ነደደች። ማታ አልጋ ላይ የክንዱ ሥጋ በራሱ ጊዜ ይንዘፈዘፋል፤ ከቆዳው ሥር ትል የሚርመሰመስ ይመስላል። ገላዋን ቀፈፋትና ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

አንድ ቀን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ትሪ ከእጁ አምልጦ ክንዱን ላጠው። ባልየው ጮኸ፤ ሮጦ ቧንቧ ሥር ገባ።

«ስኳሩ እጁን አደንዝዞታል ማለት ነው» አለች ሚስቱ፣ ቅባት እየቀባችው።

የደነዘዘ እጅ እንዲህ እንደማይጮህ በዚያች ጓዳ ውስጥ ያሰበ አልነበረም።

የመለኪያው መሣሪያስ? መሣሪያው በየቀኑ ይናገር ነበር። ቁጥሩ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። ሚስትየው ቁጥሩን ስታይ፣ «ሲለካ ጊዜ ጠብቆ ነው፤ ከበላ በኋላ ዝም ብሎ ይቆይና ነው የሚለካው» አለች። አንዴ ወንጀለኛ ላደረጉት ሰው ደጉ ምስክርም የሐሰት ምስክር ነው።

ወደ ስኳር ክትትሉ ክሊኒክ አብራው ስትሄድ፣ ነርሷ ባልየውን «ምን ይሰማሃል?» አለችው። እሱ አፉን ከፍቶ ቃሉን እስኪያስተካክል ሚስቱ ቀደመችው። «እጁን ያደነዝዘዋል፤ አፉንም አይይዝም መሰለኝ» አለች። ነርሷ ስኳር ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ነግራ፣ ምግብ ላይ እንዲጠነቀቁ መክራ ሸኘቻቸው። ባልየው መሬት መሬት እያየ ወጣ። እሱም ቢሆን በልቡ ስኳሩ ነው ብሎ ነበር። ሊናገር ይፈልግ ነበር፤ ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰካራም ስለሚያስመስለው ዝም ማለትን መረጠ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የባልየው ታላቅ እህት መጡ። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ለሰው ሁሉ ምክር እንደ ጨርቅ እየቀደዱ የሚሰጡ ሴት ናቸው፤ ሚስትየው «እትዬ» ትላቸዋለች። ወንድማቸውን ከላይ እስከ ታች ገርምመው እሷን ወደ ጓዳ ጠሯት። ከጠረጴዛው ሥር ጣሳዋን ሲያዩ በጫማቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት።

«ይሄን ነው እንዴ በእጅሽ የምታጥቢው? ኤጭ! እኔማ ባየሁት ቁጥር ያስመልሰኛል።»

«አሁንስ የሚታጠብም የለው» አለች ሚስትየው። «ደርቋል፣ እትዬ። አይተፋም።»

እትዬ ዓይናቸው በራ። «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው! እየዋጠው ነዋ! ሰው በገዛ አፉ ነው የሚሞተው። ስሚ፣ ርኅራኄሽ ነው የሚገድለው። ምግብ ቀንሺበት። ዳቦውን አስቀሪ። ይሄን ያመጣሁልሽን የቅጠል ጭማቂ ጠዋት ጠዋት ጋቺው፤ መራራ ነው፣ ስኳሩን ይጠርገዋል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!»

«ከስቶብኛል እኮ፣ እትዬ።»

«የከሳው ስለበላ ነው!»

ይህን የመሰለ አነጋገር ከሰው አፍ ወጥቶ ማንም አለመሳቁ ይደንቃል። ሚስትየው ግን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏን ምግብ ገመሰችው፤ የክሬሙንና የስኳሩን ቁም ሣጥን ቆለፈች፤ ለሥራ ብቻ እየከፈተች ቁልፉን አንገቷ ላይ አሠረች። አረንጓዴውን መራራ ጭማቂ ጠዋት ጠዋት አፉ ላይ ትደቅንበታለች። እሱ እያሳለው፣ እንባው እየፈሰሰ ይጠጣል፤ በከንፈሩ ጠርዝ ወርዶ ሸሚዙን ያበላሸዋል። «እንደ ሕፃን ይንጠባጠብብሃል ደግሞ!» ትለዋለች በምሬት፣ ፊቷን እያዞረች። ሰውየው በከሳ ቁጥር ምግብ ይቀነሳል፤ ምግብ በተቀነሰ ቁጥር ይከሳል። ኢንሱሊኑን ግን ማንም አልቀነሰውም፤ በፊት ሙሉ ምግብ ሲበላ ይወጋ የነበረውን ያህል መወጋቱን ቀጠለ።

አንድ ጠዋት ከጓዳ የሰሃን ድምፅ ተሰማ። ሚስትየው መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ባሏ ምድጃው አጠገብ ተንበርክኳል። ፊቱ ላብ በላብ ነው፤ ጉልበቱ ይርዳል፤ ዓይኑ እሷን እያየ አያያትም።

«ስኳሩ ወርዶበታል!» አሉ አባ ምድጃ። «ቁልፉን አምጪ! ስኳር አምጪ!»

«ወርዶ? እንዴት ይወርዳል? ሲልስ የሚውል ሰው—»

«ቁልፉን አልኩሽ፣ ልጄ!»

ጣቱን ወግተው ለኩት። ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ሚስትየው ቁጥሩን ደግማ አየችው። ሆዱ በክሬም የተሞላ ነው ስትለው የከረመችው ሰው፣ በደሙ ውስጥ የሚያቆመው ስኳር እንኳ አልነበረውም። አባ ምድጃ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጡት። ግማሹ በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። ትን ብሎት ፊቱ ጠቆረ፤ ጉሮሮው ሲያፏጭ ቆይቶ የቀረው ቀስ እያለ ወረደለት። ነፍሱ መለስ ስትል በመኪና ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት፤ እዚያም እጁንና ንግግሩን ሲያዩ ወደ ነርቭ ሐኪም መሯቸው።

ከሐኪሟ ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ ባልየው ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አሸለበ። አባ ምድጃ የዱቄት እጃቸውን እያሹ ወደ ሚስትየው ዞሩ።

«ባልሽ አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ግን መሐላዬን አፈርሳለሁ። ልጄ፣ ጣሳዋ ለምን እንደደረቀች እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን እጠይቅዎታለሁ? ስለሚውጥ ነው እንጂ።»

«ክሬሙን የምቀምሰው እኔ ነኝ» አሉ አባ ምድጃ።

ሚስትየው አልገባትም።

«ምላሱ አልታዘዝ አለው። ልትፋ ሲል አይወጣለትም፤ ወደ ጉሮሮው ይንሸራተትበታል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲወርድበት ጊዜ ዓይኑ እንባ ሞላ። 'አባ፣ ስኳር ልውጥ ነው፤ ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ላበላሸው ነው' አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ክሬም የነካ ማንኪያ ወደ አፉ አላቀረበም። እኔ እቀምሳለሁ፣ እነግረዋለሁ፤ እሱ ያስተካክላል። 'ለእሷ እንዳትነግራት፣ ትደነግጥብኛለች' ብሎ አስማለኝ። ሞኝ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ።»

ሚስትየው አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ጨበጠችው። እስከዛሬ የምትጸየፈው ብዙ ነበር፤ ለሃጩን፣ የሚንዘፈዘፍ ሥጋውን፣ የተበላሸ ሸሚዙን። አሁን የተጸየፈችው ራሷን ነው። ያ ሰው ከምንጊዜውም በላይ በታመነበት ጊዜ ሌባ ብላ ቆልፋበታለች። አፈር ብበላ በተሻለኝ! አለች በልቧ።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሟ ባልየውን አስቀምጣ፣ «መቼ ነው የጀመረህ?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱ እንኳ—» ብላ ሚስትየው ጀመረች።

«እሱን ነው የጠየቅኩት» አለች ሐኪሟ፣ በለሆሳስ። «ጊዜ አለን።»

እውነትም ጊዜ ሰጠችው። እሱም ቃሉን እየጎተተ፣ እያረፈ፣ ከእጁ እንደጀመረውና ወደ ምላሱ እንደሄደ ሁሉንም ተናገረ። ሚስትየው የባሏን ወሬ እስከ መጨረሻው ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። ሐኪሟ ምላሱን አውጣ አለችው፤ ምላሱ ሟሽሾ እንደ እጁ ሥጋ ይርመሰመሳል። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። በመርፌ ጫፍ ጣቶቹን ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሰማሃል?»

«ደህና አድርጎ።»

«ትኩስ ነገርስ?»

ባልየው የተቃጠለ ክንዱን አሳያት፤ እንዴት እንደጮኸም ነገራት። ሐኪሟ ሚስትየውን ቀና ብላ አየቻት። «ስኳር የጎዳው ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ይጀምራል፤ ያቃጥላል ወይም ያደነዝዛል። የእሱ እጅ ግን ስሜቱ እንዳለ ሆኖ ጉልበቱ ነው የጠፋው። ይሄ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለብን» አለች።

የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ተደረገ፤ ሌላ ሌላ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ተፈልጎ ታጣ። በመጨረሻ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ የበሽታውን ስም ነገረቻቸው። የሞተር ኒውሮን በሽታ ይባላል። ጡንቻን «ተንቀሳቀስ» እያሉ የሚያዙ ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻም እየመነመነ ይሄዳል። የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም። የሚያዘገይ፣ ኑሮን የሚያቀል እርዳታ ግን አለ። ንግግሩና መዋጡ እየከበደው እንደሚሄድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ሚስትየው የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀች። «ዶክተር፣ ስኳሩ ነው ያመጣበት? በአፉ ነው?»

«ብዙ ሰው ይጠይቀኛል» አለች ሐኪሟ። «ሁለቱን በሽታዎች ያያያዙ ጥናቶች አሉ፤ ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዳንዱ ጥናት ስኳር ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ በወጣትነት የያዛቸው፣ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ትንሽ ከፍ ይላል ይላል። ሌላው ደግሞ በጎልማሳነት የሚመጣው ስኳር ያለባቸው ላይ እንዲያውም ዝቅ ብሎ አገኘሁት ይላል። ለምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ዝምድና አለ ማለት ደግሞ ጥፋተኛ አለ ማለት አይደለም። ባልሽ በልቶ ያመጣው በሽታ አይደለም። ማንኪያ ክሬም ቢውጥም ባይውጥም ይሄ አይመጣም፣ አይቀርም።»

ባልየው ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረደ፤ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው መሰለ።

«አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ» አለች ሐኪሟ። «ምግብ እንዳትቀንሺበት። ክብደት መቀነስ በዚህ በሽታ ላይ በጣም ይጎዳዋል። ኢንሱሊኑን ከምግቡ ጋር እናስተካክለዋለን፤ ስኳሩን መቆጣጠር አንተውም። አንቺ አብዪው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ቅባት ያለው ነገር። ቀጭን ነገር ትን ይለዋልና ተጠንቀቂ።»

ሚስትየው ወደ ቤት ስትመለስ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ በጥሳ ጣለችው። ይቅርታ ልትጠይቀው ግን አልቻለችም። በየማታው «ዛሬ እነግረዋለሁ» ብላ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አፏ ይተሳሰራል። የእሱ ምላስ በየቀኑ እየከበደ ነው፤ አንድ ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» ለማለት የሚበቃ ቃል እንዳይቀረው ትፈራለች። ይህን እያወቀች ታዘገየዋለች።

በዚህ መሃል ጠያቂዎች መጡ። እትዬ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው፣ በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው የዚያን አረንጓዴ ጭማቂ ጠርሙስ ይዘው ገቡ። ወንድማቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጣሳዋ ጭኑ ላይ ናት፤ የሚፈስ ለሃጩን በእሷ ነው የሚቀበለው። አንደኛዋ ጎረቤት ጣሳዋን እንዳየች የአንገት ልብሷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«ይኸው ተጽፏል!» አሉ እትዬ ስልካቸውን እያሳዩ። «ስኳርና ይሄ በሽታ ይገናኛሉ ይላል። ያኔውኑ አላልኩም?»

«ሙሉውን አንብበውታል፣ እትዬ?»

«ርእሱ ይበቃኛል! አፉን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር።» ጎረቤቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እውነት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ሰው ለሆዱ ሲል» አለች አንደኛዋ፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ እየሰማት።

እነሆ ቆሻሻው ይህ ነው። ከላይ ከሁሉም የከፋ ያልኩት። ታሞ የተቀመጠ ሰው ፊት ላይ በደሉን መዘርዘር፣ ያውም ያልሠራውን፣ ያውም በጥየቃ ስም፣ ያውም ከንፈር እየመጠጡ! የትኛው ለሃጭ፣ የትኛው ምራቅ ከዚህ ይከፋል? ሚስትየው በእትዬ ቃል ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች።

እትዬ ግን ጠርሙሱን ከፍተው ነበር። «ና እስቲ፣ ወንድሜ፣ ይጠርግልህ» ብለው ሚስትየው ሳትደርስ አንድ ማንኪያ ሙሉ አፉ ውስጥ ደፉበት። ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ መራራ ነው። ባልየው ሊተፋው ታገለ። ምላሱ አልገፋ፣ ከንፈሩ አልገጠመ። ወደ ጉሮሮው ወረደበት፤ ትን አለው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጣሳዋ ከጭኑ ላይ ወድቃ ተንከባለለች። እትዬ ወደኋላ ሸሹ።

ሚስትየው ዘላ ወደፊት ደፋ አደረገችው፤ መዳፏን ከአገጩ ሥር ዘረጋች።

«እጄ ላይ! እጄ ላይ ትፋው የኔ ጌታ፣ አይዞህ፣ እጄ ላይ!»

አረንጓዴው፣ ምራቁ፣ በአፍንጫው የወጣውም ሁሉ መዳፏ ላይ ፈሰሰ፤ በክንዷ ወረደ። አንዳችም አልቀፈፋትም። ትንፋሹ ሲመለስለት ቀና ብላ እትዬን አየቻቸው፤ እጇን ሳትጠርግ።

«ይሄን አይጸየፉ፣ እትዬ» አለች። «መጸየፍ ያለብዎት እኔ የሠራሁትን ነው። ጣሳዋ ስትደርቅ ሌባ አልኩት። እሱ ግን ጠብታ እንዳይወርድበት ፈርቶ መቅመሱን ትቶ ነበር። ምላሱ እየሞተ እኔ ቁም ሣጥን ቆለፍኩበት። ሲከሳ አስራብኩት። አንድ ጊዜ 'ምን ሆነህ ነው?' አላልኩትም፤ ስኳር አለበትና ስኳር ነው አልኩ፣ አበቃ። እርስዎም ርእስ አንብበው ይፈርዳሉ! የታመመ ሰው ሐኪም እንጂ ዳኛ አላጣም!»

እትዬ ወንድማቸውን አዩት፤ ከዚያ ጠርሙሱን አዩት። ምናልባት ከመጡ ጀምሮ ፊቱን ትኩር ብለው ሲያዩት ይህ የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብለው ከመሬት ጣሳዋን አነሡ፤ እንባቸው እየወረደ ይዘዋት ወደ ቧንቧው ሄዱ። ውኃው ሲፈስና ጣሳዋ ስትታጠብ ተሰማ።

ባልየው የሚስቱን እርጥብ እጅ ያዘ። ከንፈሩን ብዙ ጊዜ አንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ተሰባብሮ፣ ተጎትቶ ወጣ።

«አል... ዋጥኩትም» አለ።

ለካስ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ምን እንዳሰበችበት፣ ቁልፉ ለምን እንደታሠረ ያውቅ ነበር፤ ይቺን አንዲት ቃል ይዞ ነው የከረመው።

«አውቃለሁ» አለች፣ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ እያለቀሰች። «አሁን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ነፃ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገው። ማንሣት አቅቶት እዚያው ተወው።

ወገኖቼ፣ ስኳር ያለበት ሰው በሌላም በሽታ ሊያዝ ይችላል። እጅ ሲዝል፣ ሥጋ ሲመነምን፣ ቃል ሲጎተት፣ ውኃ ትን ሲል «ስኳሩ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም አሳዩት። ስኳሩንም በሐኪም ምክር ጠብቁ፤ ከራሳችሁ ምግብ አትከልክሉ፣ ቅጠል አታጠጡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የታመመውን ጠይቁት፤ እሱ ሲመልስም አትቅደሙት።

በዚያን ዕለት ማታ ሚስትየው ጓዳ ገብታ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ወፍራም ክሬም አበሰለች፤ ስኳሩን ሐኪሟ በፈቀደችው ልክ አደረገች። አባ ምድጃ ቀምሰው፣ «እንደ እሱ ባይሆንም ይበላል» አሏት። ሰሃኑን ይዛ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ ያጠቧት ጣሳ ንጹሕ ሆና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ አደረገችለት። እሱ ከልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው፤ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ወደ ጣሳዋ አየ።

«አይ» አለችው፣ ጣሳዋን ቀስ ብላ ገፋ እያደረገች። «ከእንግዲህ ዋጥልኝ። ቀስ ብለህ፣ የኔ ጌታ፣ ዋጥልኝ።»

አገጩን ደረቱ ላይ ደፋ አድርጎ፣ ሐኪሟ እንዳስተማረችው፣ ታገለ። ጉሮሮው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ወረደለት። ሚስቱ ሁለተኛውን ማንኪያ ቀዳች።